ከዲግሪው በኋላ ያለው ዓመት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የካፋ ሰዎች። ከቦንጋ የመጣችሁም፣ ከጊምቦም ከዴቻም ያላችሁ፣ ለሁላችሁም ቦታ አለ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አይደለም። የካፋውን ንጉሥ የጋኪ ሼሮቾን ነገር ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አባቶች እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ እሱን ለእነሱ እተወዋለሁ። የእኔ ወግ ስለ መምህር ነው። ያውም 9ኛ ክፍል የገባውን ልጅ ተቀብሎ እስከ 12ኛ ስለሚያደርሰው፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህር።

ልጆቻችሁን በየማለዳው ትልኩለታላችሁ። ዩኒፎርም ታጥባላችሁ፣ ደብተር ትገዛላችሁ፣ ከቡናውና ከማሩ ሽያጭ ቆርሳችሁ ለቤት ኪራይ ትሰጣላችሁ። ያን ሁሉ ከፍላችሁ ልጃችሁን አደራ የምትሰጡት ሰው ግን እንዴት ተሠርቶ እንደመጣ ማንም አጫውቷችሁ አያውቅም። እኔ ላጫውታችሁ። ዕድሜዬን በጠመኔ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የምናገረው ያየሁትን ነው።

ወጉ ከሩቅ ይጀምራል። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲከፍቱ፣ ቅኔው፣ ዜማው፣ ትርጓሜው በየደብሩ ሞልቶ ነበር። ሒሳብና የውጭ ቋንቋ በክፍል ከፋፍሎ የሚያስተምር ያገር ሰው ግን አልተገኘም። ስለዚህ ከግብጽ የኮፕት ክርስቲያን መምህራን መጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህች አገር መምህር ፍለጋ ወደ ደጅ ስታይ ብዙ ዘመን ኖረች።

ጣሊያን ገባ፣ ወጣ። በመካከሉ የተማሩት ወጣቶቻችን ተለቅመው አለቁ። ከድሉ በኋላ በ1936 ዓ.ም. እዚያው ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ከዚያ የሚወጡት ለአንደኛ ደረጃው እንኳ አልበቁም። ሁለተኛ ደረጃውን ይዘውት የነበሩት በብዛት የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከእናንተ መካከል ፀጉሩ የነጣ ካለ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ያስተማረውን ህንዳዊ መምህር መቼም አይረሳውም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ገብተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ነበሩ። ዝግጅታቸው ዋሽንግተን ባለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያሳለፉት አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

ከዚያ የራሳችን ልጆች ተራ ደረሰ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ያገለግላል፤ ከሚሄዱት የሚበዙት የሚመደቡት ለማስተማር ነበር። ሕግ የሚያጠናው ታሪክ ያስተምራል፣ ምህንድስና የሚያጠናው ፊዚክስ ይይዛል። ጎበዞች ነበሩ፤ አገራቸውንም ያወቁት ያኔ ነው። ብዙ ተማሪ ዓይኑ የተገለጠው በእነሱ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁ? ግብጻዊውም፣ ህንዳዊውም፣ አሜሪካዊውም፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ወጣትም አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር። ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጦ የሚያይላቸው፣ ሲወጡ «እዚህ ጋ ልጆቹ ጠፍተውብሃል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ይዘሃቸዋል» የሚላቸው የሙያ ታላቅ አልነበራቸውም። ደፋሩ በራሱ ወድቆ ተነሥቶ ተማረ። ያልደፈረው መጽሐፉን ከፍቶ እያጻፈ ጡረታ ወጣ። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ነው። አገሩ ሥርዓቱን በለዋወጠ ቁጥር እሱ ሲረሳ አይቻለሁና።

ደርግ መጣ፣ ሄደ። የእድገት በኅብረት ዘመቻም፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሌላ ቀን የሚወራ ትልቅ ታሪክ ስላላቸው አልፋቸዋለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለእያንዳንዱ እርከን መስፈርት አወጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑረው ተባለ። ትክክለኛ ነገር ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የመምህራን ትምህርት ከሥሩ ይለወጥ የሚል ትልቅ ዘመቻ ተነሣ። ሠልጣኙ ሦስትና አራት ዓመት ንድፈ ሐሳብ ሲቀበል ይኖርና ክፍል ሲገባ ይደነግጣል የሚል ነበር ወቀሳው። እውነት ነበር። ስለዚህ ሠልጣኙ ቶሎ ቶሎ ትምህርት ቤት እየወረደ እንዲለማመድ ፕራክቲከም ትልቅ ቦታ ተሰጠው። እጅግ ደስ ብሎን ነበር።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛው ብዛት ነው። ድሮ 9ኛ ክፍል ለመማር ቦንጋ ወይም ጅማ ድረስ ይኬድ የነበረው ቀርቶ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ። ጨና ወረዳ ዋቻ፣ ዴቻ ወረዳ ጭሪ፣ ጌሻና አዲዮ ሳይቀሩ የተማሪው ቁጥር ጨመረ። ይህ በረከት ነው፤ ይህን ያህል ልጅ የሚያስተምር ሰው ግን በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ሁለተኛው ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይሰራጭ ነበር፣ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት። ለመምህሩ የተተወለት የክፍለ ጊዜው መግቢያና መውጫ ላይ ያለ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ብርሃን ሆኖ ያገለገላቸው ትምህርት ቤቶች ይኖራሉ። እኛ አካባቢ ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ልጁ «ቲቸር፣ ምን አለ?» ብሎ ዞሮ ያየኝ ነበር። ልለው የምፈልገውን ሳልጨርስ ሥዕሉ ያልፍ ነበር። ያን ጊዜ ማስተማር የጀመሩ ወጣቶች አሳዘኑኝ። አንድን ርእስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሳቸው ይዘው የማስተማር ዕድል ሳያገኙ ዓመታት አለፉባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ እንደገና ተቀየረ። አንድ ወጣት መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሎጂውን፣ ሒሳቡን፣ ታሪኩን እንደማንኛውም ተማሪ አጥንቶ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ መምህር መሆን ከፈለገ አንድ ዓመት ተጨማሪ ይማራል፤ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይይዛል። መምህራኑ ፒጂዲቲ እያሉ የሚጠሩት ይኸው ነው። ሐሳቡን እኔ እወደዋለሁ። ትምህርቱን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው የማስተማር ዘዴ ብቻ ቢይዝ ምን ያደርግለታል? አስቀድሞ ይወቅ፣ ከዚያ ማስተማርን ይማር። መልካም ሐሳብ ነው።

በዚያ ዓመት ምን ይማራል? ልጅ እንዴት እንደሚያድግና እንደሚማር የሚያሳይ ሥነ ልቡና አለ። ሥርዓተ ትምህርት አለ። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌላው ጋር አብሮ ማስተማር፣ ምዘና ማዘጋጀት፣ ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ፣ በራስ ክፍል ላይ የሚደረግ ተግባራዊ ምርምር፣ እንግሊዝኛ፣ የየትምህርቱ የማስተማር ሥነ ዘዴ፤ ይህ ሁሉ አለ። ከእነዚህ ጎን ፕራክቲከሙ አለ፤ ትምህርት ቤት ወርዶ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማገዝ፣ በመጨረሻ ራስን ችሎ ማስተማር።

የእኛ ልጆች ለዚህ ወደ ጅማ ይወጡ ነበር። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ። ቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቢኖራትም ኮሌጁ የሚያፈራው ለአንደኛ ደረጃው ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር ብዙ እናት እልል ያለችው ለዚህ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ በር ቤቷ ድረስ ቀረበላት። ሥራ ላይ ያሉት መምህራን ደግሞ በክረምት ይማራሉ። የካፋን ሐምሌ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ የተማሪውን ውጤት ሮስተር ሞልቶ፣ ካርድ ሰጥቶ፣ ሳያርፍ ፍራሹን ጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣራ አስጭኖ ይወጣል። ልጅ የምታጠባ መምህርት እናቷን ወይም እህቷን ይዛ ትሄዳለች። ነሐሴ ሲያልቅ ተመልሳ መስከረም ላይ ክፍል ትገባለች። ይህን ስላደረጉ ማንም አልሸለማቸውም። እኔ ግን ከዚህ ቦታ ተነሥቼ አመሰግናቸዋለሁ።

ክፋቱ የቱ ላይ ነው ብትሉኝ፣ ወደዚያ ዓመት የሚመጡት ሁሉ መምህር ለመሆን ፈልገው የሚመጡ አለመሆናቸው ነው። ሌላ ሥራ ፈልጎ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ቆሞ፣ ሳይሳካ ሲቀር የሚገባ ብዙ ነው። አልፈርድባቸውም። ደመወዙንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ ኅብረተሰቡ ስለ መምህር የሚለውንም አውቃለሁ። ግን ሳይፈልግ የመጣውንም ቢሆን ትምህርት ቤት ሊይዘው ይችላል። የሚይዘው ግን መጽሐፍና ሰሌዳ ብቻ አይደለም። ሰው ነው። እንዴት እንደሚይዘው ላሳያችሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነውና።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ የመጀመሪያ ምዕራፍ ባዮቴክኖሎጂ በነበረበት ጊዜ። አንዲት ሠልጣኝ መጣችልኝ። አማካሪ መምህሯ እኔ ነበርኩ። ዲግሪዋ በባዮሎጂ ነው፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዷን አምጥታ አሳየችኝ። ንጹሕ ጽሑፍ፣ ዓላማው ተዘርዝሮ፣ ደቂቃው ተከፋፍሎ፤ ለመግቢያ 5፣ ለገለጻ 25፣ ለማጠቃለያ ይህን ያህል። ርእሱ ስለ መብላላት ነው፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት ስኳሩን እንዴት ወደ አልኮልና ወደ አሲድ እንደሚለውጡት።

ከኋላ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ገባች፤ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ መጻፍ ጀመረች። እርሾ፣ ዳቦ፣ ቢራ፣ ቀመሩ ከነቀስቱ። ሰሌዳው ሞላ፣ ጠረገች፣ እንደገና ሞላ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። አጠገቤ ያለው ልጅ እሷ ከጠረገችው ሁለት መስመር ቀርቶበት ከጎረቤቱ ደብተር ላይ ይለቅማል፤ በዚያ መሃል የምትለውን አይሰማም። በየመካከሉ ዞር ትልና «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ትላለች። ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላል። ደወል ተደወለ፤ ዕቅዷን በደቂቃው ጨረሰች።

ስንወጣ ፊቷ ፈክቷል። «ጋሼ፣ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ወረቀቴን ሰጠኋት። ወረቀቱ ላይ ፍርድ አልጻፍኩም፤ ያየሁትን ብቻ ነው ያሰፈርኩት። «ከደወል እስከ ደወል ስሙ ተጠርቶ መልስ የሰጠ ልጅ፦ የለም። ልጆች የጠየቁት ጥያቄ፦ የለም። ፊትሽን ወደ ልጆቹ ያዞርሽበት ጊዜ፦ ጥቂት።» አነበበችው። ዝም አለች። መምህራን ማረፊያ ገብተን ሻይ ያዝንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «እነዚህ ልጆች ቤት የሚብላላ ምን አለ?» ቢራ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። አሰበች፣ አሰበችና ቀና ብላ «ቆጮ!» አለች።

በማግስቱ ያንኑ ትምህርት ለሌላኛው ሴክሽን ልታስተምር ገባች። እኔም ከኋላ ገባሁ። ጠመኔ አልያዘችም። «እንሰት ሲፋቅ ቤት ውስጥ ያገዘ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች፣ በአማርኛ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ይጠየቃል ብለው አልጠበቁም። ከመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ እጇን ከፍ አደረገች፣ መልሳ አወረደች፣ እንደገና አወጣች። «ተነሺ፣ ንገሪን» አለቻት።

ልጅቷ ተነሥታ ነገረች። ግንዱ እንደሚፋቅ፣ ሥሩ እንደሚከተፍ፣ ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል እንደሚለበጥ፣ ከላይም ተሸፍኖ ድንጋይ እንደሚጫንበት፣ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት ሽታው እንዴት እንደሚሆን። ቃል ሲጠፋባት በካፊኖኖ ትለዋለች፣ ጓደኞቿ ይስቃሉ፣ አንዱ በአማርኛ ያቀብላታል። ሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ እንግሊዝኛውን ትጽፋለች። ከዚያ ጠየቀች፦ «ቅጠሉና ድንጋዩ ለምንድን ነው?» ቆሻሻ እንዳይገባ አለ አንዱ። አይጥ አለ ሌላው። «ሌላስ?» ዝም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ካለው ወንበር፣ «አየር እንዳይገባ» የሚል ድምፅ ወጣ። እዚያ ላይ ትምህርቱ ተጀመረ። አየር በሌለበት የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት፣ የሚያወጡት አሲድ፣ ቆጮው የሚጎመዝዘው ለምን እንደሆነ፣ ጉምዘዛውም እንዴት ከመበስበስ እንደሚያቆየው፤ ልጆቹ ግማሹን ራሳቸው አመጡት።

ሊደወል ሲል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አዲዮ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ቆጮው ብዙ ጊዜ ይቆያል። ለምንድን ነው?» እሷ ይህን አላዘጋጀችም። ወደ እኔ አየች። እኔ ዓይኔን ወደ ወረቀቴ መለስኩ፤ ክፍሉ የእሷ ነው። ጥያቄውን ለልጆቹ መለሰችው። «አዲዮና እዚህ ልዩነቱ ምንድን ነው?» «ብርድ!» አሉ። «እንግዲህ ብርዱ እነዚያን ጥቃቅን ነፍሳት ምን የሚያደርጋቸው ይመስላችኋል? ነገ መልሱን ይዛችሁ ኑ» አለቻቸው። ተደወለ። ልጆቹ እየተከራከሩ ወጡ። እኔ ያን ዕለት ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት የጠየቁትንና የመለሱትን ልጆች ብዛት ነበር፤ መስመሩ አልበቃኝም።

ያቺ ሠልጣኝ ወደ ሙያው የመጣችው ፈልጋ አልነበረም፤ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ነበር ምኞቷ። ዛሬም ታስተምራለች። ይህ የሆነው እኔ የተለየሁ ስለሆንኩ አይደለም። ሁለት ቀን በተከታታይ ከኋላ የሚቀመጥላት ሰው ስለነበረ ነው። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ያሳፍራት ነበር፤ አያስተምራትም። ማሻሻሏን ያየችው በሁለተኛው ቀን ነውና።

አሁን በየትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሠልጣኙ ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ርእሰ መምህሩ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይመራዋል። ዲፓርትመንት ኃላፊው ሳምንቱን ሙሉ ክፍለ ጊዜ የተጫነበትን አንድ መምህር ይጠራና «ይኸው ሠልጣኝ መጣልህ» ይለዋል። መምህሩ ደስ ይለዋል፤ ዕረፍት አገኘ። ክፍሉን አስረክቦ የተማሪ ፈተና ሊያርም ይሄዳል፣ ወይም ቤቱ የጎደለውን ለመሙላት ሌላ ቦታ ሊያስጠና ይሮጣል። ሠልጣኙ ከሰባ ልጅ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር መኪና ካገኘ ይመጣል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አይቶ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ሳይመሽበት ይመለሳል። በመጨረሻ ነጥብ ይሰጣል፣ ማኅተም ይመታል። ይህ ልምምድ ነው ብዬ ለእናንተ ልናገር አልችልም። ልጁ የተለማመደው ብቻውን መሆንን ነው።

ከዚያም ፈቃድ የሚባለው አለ። መምህር እንደ ሌላው ባለሙያ ተመዝኖ የሙያ ፈቃድ ይያዝ፣ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደስ ተብሎ ምዘናው ተጀምሯል። የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ማህደረ ተግባርም አለው፤ መምህሩ የሠራቸውን ሥራዎች በፋይል አሰናድቶ የሚያቀርብበት። እኔ ፈቃዱን እደግፋለሁ። ለልጆቻችን የሚገባቸው ነው፣ ለሙያውም ክብር ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ፈተናው መምህሩ የሚያውቀውን ይለካል፤ ፋይሉም ወረቀት ይሰበስባል። ሰባ ልጅ ፊት ቆሞ «ነገ መልሱን ይዛችሁ ኑ» ማለት መቻሉን የሚያውቀው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ፈቃድ ሰጪዎቹ ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል፦ ክፍል ግቡ። አንድ ጊዜ ሳይሆን መላልሳችሁ ግቡ።

ሕጉ ይህን አልረሳውም፤ የረሳነው እኛ ነን። አዲስ ተመድቦ የመጣ መምህር ሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር ሥር የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ፣ ነባሩም በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲሠራ ከተጻፈ ቆይቷል። የእድገት መሰላሉም ቢሆን አለ፤ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ፣ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። ላይኞቹ ደረጃዎች ላይ የተቀመጡት ታች ያለውን እንዲያሳድጉ ነው። ብዙ ቦታ ግን የሙያ ማሻሻያው ሞጁል ይሞላል፣ ይፈረምበታል፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ጃፓኖች ይህን ክፍል ገብቶ መተያየት እንዴት እንዳደረጉት ላንሳላችሁ። እነሱ ዘንድ መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ልጆቹ ምን እንደሚሉና የት እንደሚደናቀፉ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ይወያያሉ፣ ያንኑ ትምህርት አስተካክለው እንደገና ያስተምሩታል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማዳቸው ነው። ለዚህ ሳተላይት አላስፈለገም። ወንበር፣ ወረቀትና ጊዜ ነው ያስፈለገው።

ለምን ይህን ያህል እጮሃለሁ? ውጤቱን አይታችኋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ደስ ይላል፣ ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ ወድቆ ነው። ያ ልጅ ሰነፍ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የካፋ ልጅ ታችኛውን ክፍል በካፊኖኖ ጀምሮ፣ አማርኛን አክሎ፣ ከዚያ ሳይንሱንና ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ የሚመጣን ልጅ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በመጥረግ ማስተማር አይቻልም። ያ ልጅ የሚያስፈልገው መምህር ቆጮን ከባዮሎጂ ጋር የሚያገናኝለት ነው፤ እንዲህ ያለ መምህር ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ አልቆ አይመጣም። የሚያልቀው እዚህ፣ እኛ ዘንድ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች። አሁን ለትምህርት የሚወስኑት ሰዎች ሩቅ አይደሉም፤ በገበያ ቀን መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። እንግዲህ ስታገኟቸው የምትሉትን ልስጣችሁ። ሠልጣኝ ለሚቀበል አማካሪ መምህር ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጣው ሱፐርቫይዘር መኪናና ቀን ይመደብ፤ አንድን ሠልጣኝ መላልሶ ይየው። ጎበዝ መምህር ሁሉ ወደ ቢሮ አይነሣብን፤ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሌሎችን እያሳደገ የሚያድግበት መንገድ ይከፈትለት። እናንተ ወላጆች ደግሞ አዲስ መምህር መጣ ሲባል ስሙን ጠይቁ፣ ቤት አፈላልጉለት፣ ቡና ጥሩት። እንግዳ ሆኖ የሚኖር መምህር ዝውውር ሲያስብ ይኖራል።

ለእናንተ ግን፣ ለነባር መምህራን፣ የምለው አጭር ነው። በዚህ ዓመት ሠልጣኝ ሲመጣላችሁ ጠመኔውን አቀብላችሁ አትውጡ። ከኋላ ተቀመጡ፤ ያያችሁትን ጽፋችሁ ስጡት። በማግስቱም ተመልሳችሁ ግቡ።